አንድ አድማጭ

በኢንተርኔት ሬዲዮው ሰርቨር ላይ አምስት ስርጭቶች አሉ። የአድራሻቸው መጀመሪያ አንድ ነው፤ ከእዝባሩ (/) በኋላ ያለው ስም ግን የየራሳቸው ነው። ቴክኒሻኑ «ማለዳ» የሚለውን ሊሰርዝ ተቀምጧል፤ እዚያው ጣቢያ የምትሠራ ሴት አጠገቡ ቆማለች፣ ስርጭቱ የሟች ባሏ ነበር።

«እትዬ፣ የድሮ ቅጂ ነው የሚደጋገመው። ለአንድ አድማጭ ሬዲዮ ይከፈታል እንዴ?»

«እኔ በቁሜ እያለሁ አይሰረዝም።»

«እሺ፣ ስሙን ልቀይረውና ከሌላው ጋር ላዳብለው።»

«አይቀየርም! አድማጯ የባሌ እናት ናቸው። አድራሻውን ስልካቸው ላይ የሞላላቸው እሱ ነው፤ ሌላ መጻፍ አይችሉም። ልባቸው ደካማ ስለሆነ እስካሁን መርዶውን አልተረዱም። ድምፁ ቢጠፋባቸው ምን እላቸዋለሁ? ለአለቃህም እንዲሁ ንገረው፤ ከፈለገ እኔን ያባርረኝ።»

ቴክኒሻኑ አንገቱን ደፋ። «ጠዋት እኮ ስርጭቱን አቋርጬዋለሁ፤ የቀረው መሰረዙ ነው» አለ።

ወዲያው ስልኳ ጮኸ። ደሴ ያሉት አማቷ ነበሩ።

«ልጄ፣ ማለዳ ጠፋብኝ።»

«ኔትወርክ ነው እማማ» አለች፣ ድምፅዋን አስተካክላ። «አሁን ይመለሳል።»

«ይመለስልኝ። አርባውን ካወጣሁለት ወዲህ ሳልሰማው የዋልኩበት ቀን የለም።»