ሎሚ ብቻ

ብሮኮሊው ከኦቭን ሲወጣ ጫፍ ጫፉ ቡናማ ሆኖ ገና ይንጣጣል። ልብስ ሰፊዋ በደቀቀ ነጭ ሽንኩርትና በዘይት ለውሳ ያስገባችው ነው። ሎሚ ትጨምቅበታለች፤ ቁንዶ በርበሬ ትነሰንስበታለች። ከዚያ አንገቷን ሰገግ አድርጋ ወደ ሳሎን ታያለች። ባሏ ጀርባውን ሰጥቷታል። ከስኳሩ ጣሳ ኋላ የደበቀችውን ጨው ታወጣና ቆንጠር ታደርጋለች። ትንሽ ታስብና እንደገና ቆንጠር።

ልቡ ደክሟል ከተባለ ገና ወሩ ነው። «ጨው አጠገቡ እንዳይደርስ፤ ውሃ ይይዝና እግሩን ያሳብጠዋል» ነው ያለቻቸው ዶክተሯ። ከዚያ ወዲህ ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዳ የኖረው ያ ግዙፍ ሰው፣ ምግብ ሲቀርብለት ፊቱን ያዞራል። ብሮኮሊውን ቀቅላ ብትሰጠው «እኔ በሬ ነኝ እንዴ?» አላት። በእንፋሎት አብስላ ብታቀርብለት ቀና ብሎም አላየው። ሱሪው ከወገቡ እየወረደ ነው።

ዛሬ ግን አንዱን ይጎርስና ሌላ ይደግማል። መጀመሪያ በሹካ፣ ከዚያ ሹካውን ትቶ በእጁ።

«ምን አድርገሽበት ነው?»

«ሎሚ ነው። ሎሚ ብቻ።»

«እጅሽ ይባረክ!»

እጇን በሽርጧ ትጠርጋለች። እሱ ስልኩን አንስቶ ለልጃቸው ይደውላል፤ ለሁለቱም እንዲሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ።

«ስሚ፣ እናትሽ ጉድ ሠራች! ያንን ሣር ሥጋ አደረገችው እኮ። በሎሚ ብቻ!»

«እውነት በላህ አባዬ? እማዬ፣ እስኪ ንገሪኝ፣ እኔም ልሥራው።»

አከታተፉን ትነግራታለች፤ እሳቱ ጠንከር ማለት እንዳለበት፣ ነጭ ሽንኩርቱ እንዳያርር። ጨው ጋ ስትደርስ ትዘለዋለች። «ከዚያ... ሎሚ» ትላለች።

«ተመስገን። እሱ ይብላልን እንጂ» ትላለች ልጅቷ። ድምፅዋ እንባ እንባ ይላል።

ስልኩ ሲዘጋ የልብስ ሰፊዋ ዓይን የባሏ እግር ላይ ያርፋል። ካልሲው ቁርጭምጭሚቱን ሰርስሮ ገብቷል፤ ያበጠው ሥጋ ከላይ ተገፍቶ ወጥቷል። ጠዋት ስታጠልቅለትም አይታው ነበር። እንዳላየች ሆና አለፈችው።

«ጨው አለበት» ትላለች።

መንጋጋው ቀጥ ይላል።

«ሁለቴ ቆንጥሬ ጨመርኩበት። ስትበላ ልይህ ብዬ ነው። እንዲያው አንድ ቀን እንኳ...»

ይቆጣኛል ብላ ትጠብቃለች። ቢቆጣት ይቀላት ነበር። እሱ ሳህኑን ነው የሚያየው።

«አንቺ ደግሞ» ይላል ጉንጩ እንደሞላ፣ «ከጨረስኩ በኋላ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

ሊያስቃት ብሎ ነው። ሳቁ ግን አይመጣላትም።

ሳህኑን በጣቱ ገፋ፣ ገፋ እያደረገ እሷ ፊት ያደርሰዋል። አፉ ውስጥ የቀረውን ግን አይተፋውም። ዓይኑን ጨፍኖ ቀስ እያለ ያኝከዋል። እሷም ትፋው አትለውም።