አረንጓዴ በር ያለው ቅቤ ቤት

ወርቅቱ አምቦ ገበያ መሬት ላይ ተቀምጣ ቅቤ ስትቸረችር ብዙ ዓመት ሆኗታል። ፀሐይ ሲበረታ ቅቤዋ ይቀልጥባታል፤ ዝናብ ሲመጣ ላስቲክ ተከናንባ ትቀመጣለች። ከወንጪ የሚመጣላትን ቅቤ ግን አንድም ቀን ከባዕድ ነገር ጋር ቀላቅላ አታውቅም። ምኞቷ አንድ ነበር፤ ጣራ ያለው ሱቅ።

እንዲህ ያለ ሱቅ ፊት ለፊቷ ሊከፈት ሲሰናዳ አየች። በሩ አረንጓዴ፣ መደርደሪያው አዲስ፣ ውስጡ ደግሞ ብርቅነሽ የምትባል የጊንጪ ልጅ።

ይህስ ባልከፋ። ያንገበገባት የባሏ የኩምሳ ባጃጅ ነው። በየቀኑ ከሱቁ ጓሮ ቆሞ ታየዋለች። ኩምሳ በጓሮ በር ይገባል፤ ሲወጣ ፊቱ በርቶ ነው።

"የት ዋልክ?" ስትለው፣

"ሥራ ላይ ነዋ!" ይላታል።

ቀናች። በሱቁም ቀናች፣ በልጅቷም ቀናች፤ የትኛው እንደባሰባት ራሷም አታውቀውም።

ባለፈው ወር "ለጤና መድን ነው" ብሎ መታወቂያዋንና ጉርድ ፎቶዋን ወስዶ ነበር። አሁን ይሄም አልዋጥልሽ አላት። ፎቶዋን ለዚያች ልጅ አሳይቷት፣ ሁለቱ አብረው ሲስቁባት ታያት።

"እኔ ምን አውቄ፣" አለች አጠገቧ ሽንኩርት የምትሸጠው ሮዛ። "ብቻ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው።"

ወርቅቱ ልጅቷን በቅርብ ልታያት ሄደች። ብርቅነሽ ገና ስታያት ብድግ አለች።

"እትዬ ወርቅቱ! ይግቡ እንጂ!"

ስሜን ማን ነገራት? አለች ወርቅቱ በሆዷ። ባሌን ወስዳ ደግሞ ትስቅብኛለች! ሳትገባ ተመለሰች።

አርብ ዕለት ብርቅነሽ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ፣ ወርቅቱ በጓሮ በር ገባች። የሚረጋ ዘይት ይዛለች። ለቅዳሜው መክፈቻ የተዘጋጀውን የቅቤ ባልዲ ከፍታ፣ ዘይቱን እስከ ታች ድረስ ለወሰችው። ከዚያ እጇን ጠራርጋ ወጣችና ምግብ ቁጥጥር ለሚሠራው ለኦቦ ጃርሶ ደወለች።

ቅዳሜ ጠዋት በሩ እንደተከፈተ ኦቦ ጃርሶ ከፖሊስ ጋር ደረሰ። ከባልዲው ጨልፎ አቀለጠ፤ አሸተተ፤ ፊቱን አጨማደደ። ናሙና ወስዶ ሱቁ እንዲታሸግ አዘዘ። ብርቅነሽ ግድግዳውን ተደግፋ ታለቅሳለች።

"አካም ቡልተኒ፣ እንዴት አደሩ ኦቦ ጃርሶ!" አለች ወርቅቱ ሰዉን ገፍታ እየገባች። "አላልኩዎትም? እንዳይምሯት! በሰው ጤና ነው የተጫወተችው።"

"ተረጋጊ፣ አዴ ወርቅቱ። ሕጉ የሚይዘው ባለፈቃዱን ነው።"

"ማንም ይሁን! እስር ቤት ይግባልኝ!"

ይህን ስትል ያሰበችው ኩምሳን ነበር። እሱም ቢሆን ይግባ፤ አንጀቷ ቅቤ ይጠጣ።

ኦቦ ጃርሶ ወደ ብርቅነሽ ዞረ። "ባለቤቱ ማን ነው?"

ብርቅነሽ እንባዋን ጠርጋ ወርቅቱን አየቻት።

"እሳቸው ናቸው፤ ጋሽ ኩምሳ ዛሬ ቁልፉን ሊሰጧቸው ነበር።"