መስመሩ ተይዟል

የሰርቨር ክፍሉ ማቀዝቀዣ ጥርስ የሚያንቀጫቅጭ ብርድ ይነፋል፤ ሚጢ ግን በላብ ተጠምቃለች። ላቡ የፍርሃት ነው።

የሆስፒታሉ የቀጠሮ ገጽ ከጠዋት ጀምሮ አልከፈት ብሏል። ሥራው ሲወራ ቀላል ነው። ከፊት ያለው ዌብ ሰርቨር የታካሚውን ጥያቄ ይቀበላል፤ ከኋላ ያለው አፕሊኬሽን ሰርቨር ቀጠሮውን ይሰጣል፤ በመሃል ሁለቱን የሚያገናኝ ፕለጊን የሚሉት ትንሽ ፕሮግራም አለ። የኋለኛው ሰርቨር በአዲስ ተቀይሯል። የሚጢ ሥራ ፕለጊኑን ከአዲሱ ጋር ማስተዋወቅ ነው።

«ከሰዓት በኋላ ታካሚ ከመምጣቱ በፊት ካልሠራ፣ የሙከራ ጊዜሽ እዚህ ላይ ያበቃል» ብሏታል ኃላፊው። ሲናገር ቀና ብሎ እንኳ አላያትም።

ችግሩ፣ ሚጢ ሥራውን አታውቀውም። የቅጥር ፈተናውን ያለፈችው ወንድሟ ያስጠናትን በቃሏ አነብንባ ነው። ወንድሟ ይህንኑ ሙያ ወጣት ሽማግሌ ሳይል ሲያሠለጥን የኖረ ሰው ነው፤ አሁን ግን እግሩ ተሰብሮ፣ ወንበር ላይ ሰቅሎ ቤት ውሏል። ቤቱ በእሷ ደመወዝ ነው የቆመው። ሲጨንቃት ትደውልለታለች፤ እሱም «ሥራ ከመፍታት ይሻለኛል» እያለ ይነግራታል። የድሮ ሠልጣኞቹም ሲቸግራቸው የሚሮጡት ወደ እሱ ስልክ ነው።

እስከ ዛሬ ማንም አልነቃባትም። ዛሬ ግን አጠገቧ ሰው ተቀምጧል።

ከዋናው መሥሪያ ቤት የተላከ ተቆጣጣሪ ነው። ጸጉሩ የሸበተ፣ ወፍራም መነጽር ያደረገ፣ ከጠዋት ጀምሮ «እህም» ከማለት በቀር ቃል ያልተነፈሰ። ሠራተኞቹ ገና ከበር ሲገባ «ዳኛው» የሚል ስም አወጡለት። ሚጢ አንድ ነገር በጻፈች ቁጥር አንገቱን አስግጎ ያያል። የጻፈችውን ትሰርዛለች፤ መልሳ ያንኑ ትጽፋለች።

«ይህን ለምን እንደቀየርኩት ላስረዳዎት?» አለች ደፋር ለመምሰል።

«የለም፣ የለም!» አለ ቶሎ ብሎ። «እርስዎ ይቀጥሉ።»

እርስዎ! አባቷ የሚሆን ሰው። እያሾፈባት እንደሆነ ገባት።

«መጸዳጃ ቤት ደርሼ ልምጣ» ብላ ወጣች። ደረጃው ሥር ተሸጉጣ ደወለች።

«ጋሼ፣ ድረስልኝ!»

«ምን ነካችሁ ዛሬ፣ ሁላችሁም ፕለጊን!» አለ ወንድሟ። ከዚያ እንደ ልማዱ አቅልሎ አስረዳት። «ፕለጊን ማለት ተላላኪ ነው። ቤት እንዳይሳሳት፣ የአዲሱን ሰርቨር አድራሻና የበሩን ቁጥር፣ ፖርቱን ማለቴ ነው፣ የሚያነበው ፋይል ላይ ጻፊለት። በቃ። አይዞሽ፣ የኔ እህት።»

ተመልሳ እንዳላት ጻፈች። ዌብ ሰርቨሩን አጥፍታ አስነሳች። ገጹን ስትከፍተው ያው «አገልግሎቱ አይገኝም» የሚል ጽሑፍ ፊቷ ተደቀነ።

ዳኛው «እህም» አለ። ስልኩን ከኪሱ አወጣና ክፍሉን ለቆ ወጣ።

ሊያሳብቅባት ነው። ሌላ ምን ይሆናል? ተከትላው ብትወጣ ኮሪደሩ ላይ ትገጥመዋለች፤ እዚያው ማሽኖቹ መሃል ጎንበስ ብላ ደወለች። መስመሩ ተይዟል። ደግማ ሞከረች። ተይዟል። እንዲህ እሳት ላይ ቆማ፣ ጋሼ ከማን ጋር ይሆን ወሬ የያዘው? አለቀሰች ማለት ይቻላል።

ዳኛው ግንባሩን በመሐረብ እየጠረገ ተመለሰ።

«ምናልባት...» አለ፣ ስክሪኑን እንጂ እሷን ሳያይ። «ምናልባት ተላላኪው፣ ማለቴ ፕለጊኑ፣ አሁንም አሮጌውን ፋይል እያነበበ ይሆን? አዲሱን የጻፉት ከኋለኛው ሰርቨር ላይ ነው። ወደ ፊተኛው ካልተገለበጠ... መቼም ይህ ከእርስዎ አይሰወርም።»

ሚጢ ቀና ብላ አየችው። ተላላኪ! ፕለጊንን እንዲህ ብሎ የሚጠራ ከጋሼ በቀር ማንንም አታውቅም። እንግዲያው ሰውዬው ደረጃው ሥር ያወራችውን አንድም ሳይቀር ሰምቷል። ሁሉን እያወቀ ነው ዝም ያላት። ድመት አይጥን እንደምታጫውት እያጫወታት ነው።

እንደ ምንም ፋይሉን ገለበጠች፤ ዌብ ሰርቨሩን አስነሳች። ገጹ ተከፈተ። የሐኪሞቹ ስምና የቀጠሮው ቀን ተደርድሮ ብቅ አለ። በሌላ ቀን ቢሆን ከወንበሯ ዘላ ትነሣ ነበር። አሁን ግን የምትሰማው የዳኛውን ረጅም ትንፋሽ ብቻ ነው።

ተነሥቶ ኮቱን ደረበ። አዝራሩን አሳስቶ ቆለፈ።

«ስለ እርስዎ ለኃላፊው የምነግረው አለኝ» አለ። «ከእንግዲህ እኔና እርስዎ አንድ ክፍል ውስጥ ባንቀመጥ ይሻላል።»

በሩ ከኋላው ተዘጋ። ሚጢ ለጋሼ ደወለች፤ ተይዟል። እንግዲህ ሳያባርሩኝ ዕቃዬን ለቅሜ ልውጣ ብላ ሹራቧን፣ የሻይ ኩባያዋንና የስልኳን ቻርጀር ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ቤት ገብታ የጋሼን ፊት እንዴት ታየዋለች? እንባዋ ኩባያው ላይ ጠብ አለ። ይህን ጊዜ ስልኳ ጮኸ።

«ይቅርታ ሚጢዬ» አለ ወንድሟ እየሳቀ፤ «መስመሩን የያዘብኝ አንድ የድሮ ሠልጣኜ ነው፤ ለቁጥጥር ብለው ልከውት ከአንዲት የምታስፈራ አዋቂ ሴት ጎን አስቀምጠውት፣ ‹አለማወቄን ነቃችብኝ› እያለ ከጠዋት ጀምሮ በድንጋጤ ሊሞትብኝ ነው።»