ጀልባው ሳይነሳ የተደወለ ስልክ

«ወዬ ፌቲ! ቶሎ በይ፣ ጀልባው ሊነሳ ነው!»

ኢብራር ነው... ከደቡብ አፍሪካ፣ ከደርባን።

የደወለችለት እህቱ ፈትያ አዲስ አበባ፣ ቤቴል አንድ ክሊኒክ ኮሪደር ላይ ቆማለች።

እናታቸው እትዬ ሽምሲያ ውስጥ ተኝተዋል። ሐኪሙ አሁን ነው የነገራት... «ዛሬን የሚያልፉ አይመስለኝም።»

እሳቸው ደግሞ ከነጋ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚሉት።

«የኢብራርን ድምፅ አሰሙኝ...»

«የምን ጀልባ ነው?» አለችው ፈትያ።

«ዓሣ ነባሪና ዶልፊን ልናይ ነዋ! እማዬስ እንዴት ናት?»

ፈትያ አፏን ከፈተች... አጎቷ ጋሽ ሀምዱ ክንዷን ያዙ።

«እንዳትነግሪው! በሰው ሀገር ብቻውን ነው፤ ድንጋጤው ይገድለዋል!»

«ደህና ናት... ትንሽ ጉንፋን ነገር ነው።»

«ስጪኛ ላውራት!»

የእናታቸውን የደከመ ድምፅ ሰምቶ እንዳያውቅ ፈራች።

«ተኝታለች። ስትመለስ ትደውላለህ።»

«እሺ፣ ባህሩ ላይ ኔትወርክ የለም። ሳሚልኝ!»

ዘጋ።

ብዙም ሳይቆይ እትዬ ሽምሲያ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ኢብራር ነው የደወለው?»

ፈትያ ደወለች። አይሰራም። ደገመች። አይሰራም!

እናት ስልኩን ተቀብለው ጆሯቸው ላይ እንደያዙ... በዛው አለፉ።

ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

ጀናዛ አያድርም፤ የዚያኑ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ተቀበሩ።

ማታ ሰፈራቸው አስራ ስምንት ማዞሪያ በተተከለው የለቅሶ ድንኳን ውስጥ የጀልባውን ነገር የሰማው ለቀስተኛ «እናቱ እያጣጣረች እሱ ይዝናናል! ልጅ ተብሎ!» እያለ ሲያማው የፈትያ ስልክ ጮኸ።

ኢብራር የላከው ቪዲዮ ነው።

ትልቅ ጥቁር ጀርባ ከውሃው ብቅ ይላል... ዶልፊኖች ይዘላሉ... ኢብራር እንደ ሕፃን ይስቃል።

«እማዬ! ነቢዩ ዩኑስን የዋጠው ዓሣ ይኸውልሽ! ታሪኩን በነገርሽን ቁጥር 'ምነው አንድ ቀን ባየሁት' ትዪ አልነበር? ለአንቺ ብዬ እኮ ነው የገባሁት፤ እኔማ ባህር እፈራለሁ!»

ድምፁን የሰሙት ሐሜተኞች አንገታቸውን ደፉ።

ከስር ጽፏል... «አየችው?»

ጋሽ ሀምዱ አሁንም፣ «መርዶ በስልክ አይነገርም። ነገ በጠዋት እዚያ ያሉት የሀገር ልጆች ተሰብስበው ይነግሩታል» አሉ።

ፈትያ እያለቀሰች ጻፈችለት።

«አይታዋለች። በጣም ደስ ብሏታል።»

በማግስቱ ኢብራር መርዶውን ሰምቶ ደወለ። አልጮኸም፣ አልተሳደበም።

«ፌቲ... ስትደውይልኝ እኮ ገና አልተሳፈርኩም ነበር።»

ከዚያ ወዲህ ስልኳን አንስቶ አያውቅም። ትደውላለች... ይጠራል... ዝም።

ወገኖቼ፣ መርዶ በወጉ ይነገር፤ እሺ፣ ባህላችን ነው። ሰው በሕይወት እያለ መታመሙን መደበቅ ግን ምን የሚሉት አዘኔታ ነው?! «እንዳይደነግጥ» እያልን ስንቱን ከእናቱ ሳይሰናበት አስቀረነው! የታመመ ሰው ካላችሁ እውነቱን ተናገሩ። ይደንግጥ፣ ያልቅስ... ግን ይድረስ።

እናንተ ፈትያን ብትሆኑ ትነግሩት ነበር? ኢብራርን ብትሆኑስ... ስልኳን ታነሱላት ነበር?

እስቲ ከልባችሁ ጻፉልኝ፤ አንድ በአንድ አነባለሁ።