የጠዋቱ ክኒን

«የዛሬን ብቻ ተይኝ» ይላታል አባቷ፣ አፉን በእጁ ከድኖ።

ሴት ልጁ ፊቱ ተንበርክካለች። በግራ መዳፏ ስምንት ነጫጭ ክኒን፣ በቀኟ ውሃ የሞላ ብርጭቆ ይዛለች። ቁርሱን አብልታዋለች፤ በባዶ ሆድ አይወሰድም ተብላለች። ሥራ መግቢያ ሰዓቷ አልፏል።

ሰውየው እንዲህ አልነበረም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የመብራት ምሰሶ ላይ ሲወጣና ሲወርድ የኖረ ነው። የሥራ ባልደረቦቹ «ድመቱ» ነበር የሚሉት። አለቃው የደህንነት ቀበቶ ታጠቅ እያለ ሲለምነው «እሱን ለሚወድቅ ሰው ስጠው» ብሎ ሰዉን ሁሉ ያስቅ ነበር። አሁን መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ያንኑ ቀበቶ ታጥቋል፤ የማሰሪያ ገመዱን ጫፍ ከአልጋው እግር ጋር ቆልፎታል። ወለል ላይ ተቀምጦ እንዳይወድቅ ይፈራል።

የጭንቅላቱ ደም ሥር ተቆጥቶ አንድ ዓይኑን በሳምንት ውስጥ ወሰደበት። ሐኪሙ የቀረችውን ዓይን ለማትረፍ ይህን ክኒን አዘዘለት፤ እሷም እስከ ዛሬ ደህና ናት። ችግሩ ክኒኑ ዓይን ብቻ ጠብቆ አለመቅረቱ ነው። በተዋጠ በሁለት ሰዓቱ የሰውየው ልብ መደለቅ ይጀምራል፣ በላብ ይጠመቃል፣ በር ያንኳኳ ሁሉ ሊወስደው የመጣ ይመስለዋል። ልጅቷ መጀመሪያ እርጅና ነው ብላ ነበር። ኋላ ካርቶኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት ዘርግታ፣ በደቃቅ ፊደል «ጭንቀት ሊያስከትል ይችላል» የሚለውን አነበበች።

ዛሬ በጠዋት ሆስፒታል ደውላ ነበር። ነርሷ በትዕግሥት ሰማቻት።

«አዎ እህቴ፣ እንደዚያ የሚያደርጋቸው አሉ። ግን በራሳችሁ እንዳታቋርጡ። ዓይናቸው ይጠፋል፣ ሰውነታቸውም አይችለውም። ሐኪሙ ነው በትንሽ በትንሹ የሚቀንስላቸው።»

«ዛሬ ባገኘውስ?»

«ከነገ ወዲያ ነው የሚገባው። እስከዚያ ይውሰዱ።»

እንግዲህ ዛሬና ነገ አሉ። ሁለት ጠዋት ለሚናገረው ሰው ቀላል ነው።

«አባዬ፣ ዓይንህ እኮ ነው» ትለዋለች።

«ይጥፋ። አንዱ ሲጠፋ ምን ሆንኩ? እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።» መዳፏን በአገጩ ይጠቁማል። «ስውጠው ምን እንደሚመጣብኝ አንቺም ታውቂዋለሽ። እያወቅሽ ነው የምትሰጪኝ።»

እውነቱን ነው። ቢጮህባት እሷም ትጮህበት ነበር። እሱ ግን እንዳጠፋ ልጅ ይለማመጣታል፣ አንጀቷን የሚበላትም ይኸው ነው።

«እሺ፣ ከሥራ እቀራለሁ። እስኪያልፍልህ ድረስ አጠገብህ ነኝ።»

«ትናንትም አጠገቤ ነበርሽ።» ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «ትናንት አንቺንም ፈራሁሽ፣ ልጄ። ውሃውን ስታመጪልኝ ልትገይኝ መስሎኝ ነበር። አልነገርኩሽም እንጂ።»

ይህን አላወቀችም። ትናንት ብርጭቆውን ገፍቶ ሲደፋው እጁ ተንቀጥቅጦ ነው ብላ ወለሉን ወልውላ ነበር። አሁን ሌላ ብርጭቆ ይዛ ፊቱ ተንበርክካለች። መዳፏን አታጥፍም፤ ማጠፉ ያስፈራታል፣ መዘርጋቱም ያስፈራታል።

አባቷ አያት አያትና እጁን ከአፉ ላይ ያወርዳል። ያሳመነችው ነገር የለም፤ አሳዝናው ነው። ሁለት ሁለት እያደረገች ስምንቱንም ታጎርሰዋለች። ሲጨርስ ሳትጠይቀው ምላሱን አውጥቶ ያሳያታል።

ብርጭቆውን ለማስቀመጥ ተነስታ ወደ ክፍሉ ማዶ ትሄዳለች። ጠረጴዛው ጋ ስትደርስ ጎኗን ሰጥታው ትቆማለች፤ ትንፋሿን እንኳ አታሰማም።

«አታልቅሺ» ይላታል።

«ማን አለቀሰ?»

«ከዚህ ሆኜ ይታየኛል። ጥርት ብለሽ ነው የምትታይኝ።»

ሰዓቱ ሁለት ተኩል ነው። እስከ አራት ተኩል ድረስ አይፈራትም።