የጠዋትና የቀትር ስንዝር

በዚያ ዓመት ዝናቡ አላባራ ብሎ ገብሱ ማሳ ላይ በሰበሰ። ወዲያው ውርጩ ተከተለ። ጋቢ መግዣ ስላልነበረኝ፣ በስተርጅናዬ ከልብስ ሰፊው ቁርጥራጭ ጨርቅ ለምኜ ድሪቶ ልሰፋ ተቀመጥኩ።

እያንዳንዱን ቁራጭ በስንዝሬ ለካሁ። ሳጋጥማቸው ግን ግማሹ ትልቅ፣ ግማሹ ትንሽ ሆኖ አረፈው። ለካስ ጠዋት ጣቶቼ በብርድ ይኮማተራሉ፣ ቀትር ላይ ይፍታታሉ። ይህን ለመረዳት ያን ሁሉ ጨርቅ ማበላሸት ነበረብኝ።

ጎረቤቴ ዘርትሁን በነጠላዋ ተጠቅልላ፣ እያሳለች፣ ከአጥሩ በላይ አየችኝ።

«አያ፣ ይኼ ለግመል ነው ለፍየል?»

«ለሰው ነው።»

«እንግዲያው ትልልቁን ከርክመው። ትንንሹን ደግሞ ዙሪያውን ቅዳጅ ቀጥልበት።»

ፈታሁ፣ ከረከምኩ፣ ቀጠልኩ። አንድ ጊዜ እጅጌዬን አብሬ ሰፍቼው ከድሪቶው ጋር ተነሣሁ።

ያለቀ ዕለት ቤቷ ሄጄ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረግኩላት።

«ምን ነካህ አያ? የራስህን ልበሰው እንጂ!»

«የአንቺ ነው» አልኳት።

ሚስቴ ያረፈች ዕለት መገነዣ አጥተን ቆመን ሳለን፣ ያላትን አንድ ጋቢ ከላይዋ አውልቃ የሰጠችን ዘርትሁን ነበረች። ከዚያ ወዲህ ክረምቱንም ውርጩንም የገፋችው በነጠላ ነው።

ቀና ብላ አየችኝና ድሪቶውን እስከ አገጯ ሳበችው።