ሦስተኛው ቢጫ ወረቀት

ሌሙኤል ቶሊቨር ከቤቱ በር ፊት ያሉትን አምስት የነጭ እብነ በረድ ደረጃዎች ቅዳሜ ቅዳሜ በብሩሽና በዱቄት ሳሙና ይፈትጋል። ባልቲሞር ውስጥ፣ በዚያ መንገድ ላይ፣ ደረጃው የቆሸሸ ሰው ቤት አለው አይባልም ነበር። አሁን ጉልበቱን ስለሚያመው አምስቱን ለመጨረስ ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል። ያም ሆኖ አንድ ቅዳሜ እንኳ ዘሎ አያውቅም።

መንገዱ ላይ ግድግዳ ለግድግዳ የተጣበቁ ሃያ ሁለት ቤቶች አሉ። አሥራ አራቱ በሳንቃ ታሽገዋል። ሰባቱ ተሸጠው በራቸው ግራጫ ተቀብቷል። የቀረው የእሱ ነው። ግራና ቀኙ የታሸገ ቤት ስለሆነ፣ ዝናብ ሲጥል እርጥበቱ ከሁለቱም ወገን ይሰርግበታል።

ቤቱን የገዛው ሠላሳ አንድ ዓመት ብረት ማቅለጫ ውስጥ ሠርቶ ነው። ሚስቱም ያረፈችው እዚሁ ቤት ውስጥ ነው። ሌላ መሄጃ የለውም፤ ለአረጋውያን በርካሽ በሚከራየው ሕንፃ ተመዝግቦ የደረሰው ተራ አራት መቶ አሥራ ሁለተኛ ነው።

አንድ ቤት ገዢ ኩባንያ በየሳምንቱ ይደውልለታል። ሌሙኤልም በየሳምንቱ ስልኩን ይዘጋዋል።

የመጀመሪያው ቢጫ ወረቀት ከከተማው የቤት ተቆጣጣሪ በመጋቢት መጣ። ጣራው ያፈሳል ይላል። የጠቆመ ሰው አለ፤ ስሙ አይነገርም። ሁለተኛው በግንቦት ተከተለ፦ የጓሮው ደረጃ በስብሷል። የጥጉ ቤት ሽማግሌ እንዲህ ያለ ሦስተኛ ወረቀት በመጣበት በወሩ ተገዶ ወጥቷል። ፍራሹ ደረጃው ላይ ተጥሎ ሦስት ቀን ዝናብ ሲመታው ሌሙኤል በዓይኑ አይቷል።

“ማን እንደሚጠቁምብኝ አውቃለሁ” አላት ቬርኔል ስፓይቪን።

ቬርኔል የሟች ሚስቱ ባልንጀራ ናት። ሁለት መንገድ ተሻግራ ትኖራለች፤ አርብ አርብ የተጠበሰ ዓሣ በዳቦ ይዛ ትመጣና ወጥ ቤቱ ውስጥ አብረው ይበላሉ።

የጠረጠረው ፊት ለፊቱ ካለው ባለ ግራጫ በር ቤት የገባውን ብራንት የሚባል ወጣት ነው። ብራንት ከመጣ አምስት ወሩ ነው። ያየውን ሁሉ በስልኩ ፎቶ ያነሳል። አንድ ቀን አስፋልቱ ላይ ቆሞ የሌሙኤልን ጣራ ሲያይ ዘጠኝ ደቂቃ ተቆጥሮበታል። ሰፈሩ እያማረበት ነው ብሎት ያውቃል። “ለማን?” ብሎ መለሰለት ሌሙኤል።

ቬርኔል ሳቀች። “ሰው ከምትጠረጥር ጣራህን ብታሠራ ይሻልህ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች እናድስልህ ብለው ሲመጡ ያባረርካቸው አንተ አይደለህ?”

“ለማኝ አይደለሁም።”

“አይደለህም። ግትር በቅሎ ነህ።”

ከዚያ ዓሣዋን እያገላበጠች፣ ሦስተኛው መጥቶ እንደሆነ ጠየቀችው። አልመጣም አላት። ፊቷ ጨለም አለ። ለእሱ የተጨነቀች መሰለው።

በሐምሌ ሙቀት ብራንት አንድ ካርቶን የታሸገ ውሃ ተሸክሞለት እስከ ወጥ ቤቱ ገባ። ካርቶኑን አስቀምጦ ቀና ብሎ ኮርኒሱን አየ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሦስተኛው ወረቀት መጣ፦ የወጥ ቤቱ ኮርኒስ ተሰንጥቋል።

ኮርኒሱ ከመንገድ አይታይም። ሌሙኤል ሌላ ማስረጃ አላስፈለገውም።

ዕለቱ አርብ ነበር። ቬርኔል ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበች። የወረቀቱን ቁጥር መዳፏ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈችና ዓሣዋን ሳትጨርስ ተነሳች።

“እስከሚመጣው አርብ ምንም እንዳታደርግ” አለችው። “ቤትህ ቁጭ በል። ሰማኸኝ?”

“የት ልሄድ ብለሽ ነው?”

ሳምንቱን ሙሉ ከደጅ አልወጣም። በመጋረጃው ክፍተት ግራጫውን በር ሲጠብቅ ይውላል። ቅዳሜ ደረጃውን አልፈተገም። እሑድ ፖሊስ ሲያስወጣው በሐሳቡ ታየው። ማክሰኞ ፍራሹ ብራንት ፊት ዝናብ ሲመታው ታየው። ተገፍቶ ከመውጣት ሸጦ መውጣት ይሻላል አለ ለራሱ።

ሐሙስ ስልኩ ሲጮኽ አልዘጋውም። የኩባንያው ሰው በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ደረሰ። ሌሙኤል ስድስት ቦታ ላይ ፈረመ።

“ከዚህ በኋላ መመለስ የለም፣ ጌታዬ” አለው ሰውየው፣ ወረቀቱን እያጠፈ።

ለቬርኔል አልደወለላትም። አፈረ።

አርብ ጠዋት አንድ የጭነት መኪና ደረጃው ፊት ቆመ። መሰላል፣ ጣውላና የጣራ ልባስ ጭኗል። አንድ ቀን እንኳ አልታገሡኝም ብሎ ሌሙኤል በሩን ከፈተ። ብራንት እጅጌውን ሰብስቦ፣ መዶሻ ይዞ መንገዱን እየተሻገረ ነው።

የሥራ ቆብ ያደረገች ሴት ቀረበችው። “ሚስተር ቶሊቨር? ጣራውን፣ የጓሮውን ደረጃና ኮርኒሱን ልንሠራልዎ ነው። በነፃ ነው። እኛ የአረጋውያንን ቤት የምናድሰው ከከተማው ሦስት ወረቀት የደረሰበት ሲሆን ብቻ ነው፤ የእርስዎ ባለፈው አርብ ሞላ።”

ሌሙኤል የበሩን መቃን ያዘ።

ከመኪናው ጋቢና ቬርኔል ወረደች። የእሑድ ባርኔጣዋን አድርጋለች።

“በል እስቲ አሁን እምቢ በል፣ በቅሎዬ” አለችው እየሳቀች። “ሦስተኛውን እስኪልኩልህ ለከተማው ስንት ጊዜ እየደወልኩ እንደጠቆምኩብህ ብታውቅ።”